የክፍል መሪ አውቶቡስ ላይ አይመረጥ

የቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ካምፕ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገለገልኩት በ19 ዓመቴ ነው። አገልግሎት ስል ነገሩ እንዳይከብድባችሁ። ወደ ላንጋኖ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠናል። ኪቦርድ፣ ስፒከርና የተጠቀለለ ፍራሽ መተላለፊያውን ሞልቶታል፤ ልጆቹ ከኋላ ይዘምራሉ። ሞጆን እንዳለፍን ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ወንበር ወንበሩን እየያዘ መጣና የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ስምንት ስም ተጽፎበታል። «እነዚህ ያንተ ናቸው። የክፍል መሪያቸው ነህ። ጌታ ይባርክህ» አለኝና ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ። የክፍል መሪ ማለት ካምፑ ላይ ከልጆቹ ጋር አንድ ክፍል እያደረ የሚጠብቃቸው ሰው ነው። ሥልጠናው ይኸው ነበር።

ከስምንቱ አንዱ የ13 ዓመት ልጅ ነው፤ አስም አለበት። ይህን ያወቅሁት በሁለተኛው ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ሲያጥረው ሳይ ነው። እናቱ የሚነፋውን መድኃኒት ሻንጣው ውስጥ ከትታለታለች። ሻንጣው ግን ዕቃ ቤት ነው፤ ክፍሉ ስለሚጠብ ሻንጣ ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጥ ተብሎ ነበር። ቁልፉ መስተንግዶ ጋ ነው አሉኝ። መስተንግዶ ማለት ማን እንደሆነ ደግሞ የሚያውቅ የለም። በባዶ እግሬ ከክፍል ክፍል ስሮጥ ቆይቼ፣ ቁልፉን የያዘውን ወንድም ሐይቁ ዳር ከጸሎት ቡድኑ ጋር ተንበርክኮ አገኘሁት። ሲጸልዩ የነበሩት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ስለ ልጆቹ ደኅንነት ነበር።

ልጁ ተረፈ። ዛሬ አግብቶ ወልዷል፤ ስንገናኝ ያንን ሌሊት እያነሳ ይስቃል። እኔ እስካሁን አልስቅም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ካምፕ ወጥቻለሁ። ሽንኩርት ከትፌያለሁ፣ ከጄኔሬተር ጋር ታግያለሁ፣ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ ማይክም ይዣለሁ። ሁሉም ቦታ የማየው ግን አንድ ነገር ነው። ሥራ የምናከፋፍለው ተገልብጦ ነው። ደህና ደህና ሰዎቻችንን መድረክ ላይ እናወጣና የተረፈውን ሰው ለክፍሎቹ እናድላለን።

የዝግጅት ኮሚቴ ስብሰባ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ይስበክ?» ነው። ሁለተኛው «ማን ይዘምር?» ነው። ሦስተኛው ፖስተሩ። ከዚያ የቲሸርቱ ቀለም ይመጣል፤ በእሱ አንድ ማታ ሙሉ ተከራክረን ያልጨረስንበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። የክፍል መሪዎችስ? «እሱ ይደርሳል፣ እዚያው እንመድባለን።» አንዳንዴማ መስፈርቱ ትርፍ ወንበር ነው። አውቶቡሱ ላይ ቦታ ስላለ «አንተም ና፣ ክፍል ትይዛለህ» ይባላል።

እስቲ ሰዓት እንቁጠር። በቀን ሁለት ጊዜ ትምህርት አለ እንበል፤ ከዝማሬው ጋር ቢበዛ አምስት ሰዓት ይሆናል። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይቀራል። በዚያ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ልጁ ከማን ጋር ነው? ሰባኪው እንደሆነ አርብ ማታ ደርሶ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይመለሳል፤ እሑድ ሌላ ቦታ ፕሮግራም አለበት። አልወቅሰውም፣ የተጠራው ለዚያ ነው። ምሳውን ያልበላውን ልጅ፣ ሌሊት ፍራሹን አርጥቦ ጠዋት ከብርድ ልብሱ የማይወጣውን፣ ጓደኞቹ በቅጽል ስም ሲጠሩት ፈገግ እያለ ውስጡ የሚያርረውን፣ አባቱ ከሞተ ስድስት ወር ያልሞላውን፣ የወር አበባዋ ድንገት መጥቶባት ለማን እንደምትናገር ግራ የገባትን ልጅ ግን የሚያያቸው የክፍል መሪው ወይም የክፍል መሪዋ ናቸው። ሌላ የሚያይ የለም።

ደግሞ የማታውን ጥሪ አስቡት። መብራቱ ቀነስ ይላል፣ ኪቦርዱ ዝግ ይላል፣ «ወደ ፊት ኑ» ይባላል፤ ልጁ እያለቀሰ ይወጣል። ይጸለይለታል። እሰይ። ከዚያ ክፍሉ ይገባና መብራት ከጠፋ በኋላ በጨለማው ውስጥ «ወንድም፣ እና ነገ ቤት ስመለስ ምንድነው የማደርገው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የሚሰማው የ19 ዓመት ልጅ ነው፤ አውቶቡስ ላይ የተመረጠው። እኔ ስጠየቅ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ተኛ፣ ነገ እናወራለን» አልኩ። ነገ አላወራንም።

አንዳንዱ ሰው «ለክፍል መሪነት የበሰለ ሰው ማባከን ነው፤ መናገር የሚችል ይናገር፣ ትንንሾቹ በክፍል ይለማመዱ» ይላል። ይህን ክርክር ከምወዳቸው ሰዎች ጭምር ሰምቼዋለሁ። እኔ ደግሞ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን እንዲያነቡት እጋብዛቸዋለሁ። ኢየሩሳሌም ውስጥ መበለቶች በዕለቱ ምግብ ሲረሱ ሐዋርያት ሰባት ሰው አስመረጡ። ሥራው ምንድነው? ማዕድ ማገልገል። መስፈርቱስ? መልካም ስም ያላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው። ምግብ ለማደል! ከሰባቱ አንዱ እስጢፋኖስ ነው። ሌላው ፊልጶስ ነው፤ በጋዛ መንገድ የእኛኑ ጃንደረባ ሠረገላው ላይ አግኝቶ ኢሳይያስን ያብራራለትና ያጠመቀው። መናገር አቅቷቸው አልነበረም ማዕዱ ላይ የተመደቡት። እኛ ብንሆን ፊልጶስን ማይክ ሰጥተን ፖስተር ላይ እናወጣው ነበር፤ መበለቶቹን ደግሞ «እዚያው ስንደርስ ሰው እንመድባለን»።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር ዋስ እንጠይቃለን። ለጥበቃም፣ ለሹፌርም ዋስ። መታወቂያ ፎቶ ኮፒ እናስቀራለን። ስምንት ልጅ ለአራት ሌሊት ለአንድ ሰው አሳልፈን ስንሰጥ ግን የምንጠይቀው ስልክ ቁጥሩን ብቻ ነው፤ እሱንም ለዋትሳፕ ግሩፑ። «የእኛ ልጅ ነው፣ እናውቀዋለን» ይባላል። ልጅ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሰው እኮ ብዙ ጊዜ የሚታወቅ፣ የሚታመን ሰው ነው። እንግሊዝ ያለች የእኛ ቤተ ክርስቲያን ለልጆች አገልጋይ ስትመድብ ዲቢኤስ የሚባለውን የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ታሠራለች። አሜሪካም ካምፕ ቦታ የሚያከራዩት ሰዎች የአገልጋዮችን ማጣሪያ ብዙ ጊዜ ይጠይቃሉ። እዚያ ያሉ ወላጆች መጀመሪያ «እርስ በርሳችን እንተዋወቅ የለ እንዴ» ብለው ያኮርፋሉ፣ ኋላ ይለምዱታል። እዚህ ደግሞ ለውጭ ጉዞና ለሥራ ሲሆን ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ለማውጣት ተሰልፈን አሻራ እንሰጣለን። ለካምፕ ሲሆን ይከብደናል። እሱ ቢቀር እንኳ ገንዘብ የማይጠይቅ ደንብ አለ። አንድ ክፍል፣ ሁለት መሪ። ማንም ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ ብቻውን አይቀመጥ፤ ለጸሎትም ቢሆን፣ ሰውየው ፓስተርም ቢሆን።

«እግዚአብሔር ይጠብቃል» የሚል መልስ ሲመጣ ነህምያ ትዝ ይለኛል። የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ጠላት ሲዝትበት ጸለየ፣ ጠባቂም አቆመ። ሁለቱንም።

ስለ ጠባቂ ካነሳን ዘንዳ፣ ሐይቁ። ላንጋኖን የምንወደው ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ስለሚባል ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ ያንን ሰምቶ ዘሎ ይገባል። ግን ውኃው ቡናማ ነው። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ብታስገቡ ጣታችሁ አይታይም። ይህ ማለት አንድ ልጅ ከሥር ቢሄድ ከላይ ሆኖ የሚያየው የለም። ቢሾፍቱ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው፤ ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፣ ከዳር ትንሽ ራቅ ስትሉ መሬቱ ይከዳችኋል። ስለዚህ ለዋና የሚመደበው ሰው ዋና የሚችል፣ ስልኩን ያስቀመጠ፣ ሲገቡና ሲወጡ ራስ የሚቆጥር፣ ሌላ ምንም ሥራ የሌለው መሆን አለበት። ፎቶ አንሺውን «እግረ መንገድህን ልጆቹንም እይ» ማለት ምደባ አይደለም። ይህን ስል በብዙ ካምፕ ዋና ላይ የሚቆመው ፎቶ አንሺው ስለሆነ ነው።

የጤናው ሰውም እንደዚሁ። አንድ ካርቶን ፓራሲታሞልና ፋሻ ይዞ መዞር ብቻ አይደለም። ፎርሙ ላይ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ስኳር፣ አለርጂ የሚል ጥያቄ ይኑር፤ መልሱንም የክፍል መሪው በወረቀት ይያዘው። መድኃኒቱ ከልጁ ወይም ከክፍል መሪው አይራቅ። ስምጥ ሸለቆው አካባቢ ወባ አለ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ወባ አያውቅም። ትኩሳቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካምፕ ላይ አይመጣም፣ ቤት ከገባ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ይዘገያል። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ሲረከብ «በሚመጡት ወራት ትኩሳት ካለው ላንጋኖ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩት» ተብሎ ሊላክ ይገባል። አንድ አረፍተ ነገር ናት። እስካሁን በሄድኩባቸው ካምፖች ስትባል ሰምቻት አላውቅም።

ወጥ ቤት ልግባ። በየዓመቱ የሚያበስሉልን አንዲት እናት ነበሩ፤ እትዬ ብቻ ነበር የምንላቸው፣ ስማቸውን ያወቅሁት ከተወሰነ ዓመት በኋላ ነው፣ አፍራለሁ። እትዬ ደብተር የላቸውም። «ስንት ሰው?» ይላሉ። መቶ ሃያ። «ለሰው በቀን ሦስት እንጀራ ያዝ፣ ሦስት መቶ ስልሳ፤ የጎረምሳው ነገር ስለማይታወቅ አራት መቶ በለው።» ሁሉንም ከአዲስ አበባ ጭነን እንዳንወጣም ይከለክላሉ፤ በዚያ ሙቀት በሦስተኛው ቀን ይሻግታላ። ግማሹን ከአርሲ ነገሌ ወይም ከባቱ ያዘዙ ነበር። አንድ ዓመት ግዢው «ልምድ ይቅሰም» ተብሎ ለማያውቅ ልጅ ተሰጠ፣ እሱም አንዴ ገዝቶ ጫነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መሶቡ ሲከፈት አረንጓዴ ነበር። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ፓስታ በላን። ያኔም እትዬ ቀድመው ነግረውን ነበር፤ ግን ስብሰባው ላይ የሚቀመጡበት ወንበር አልነበረም።

እሳቸው መጨረሻ ቀን መድረክ ላይ ይጠራሉ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ይወጣሉ፣ አሥር ሰከንድ ይጨበጨባል። ኳየሩ ሰርተፍኬት ወሰደ። እትዬ ጭብጨባ።

እና ከእሳቸው ጋር የሚያገለግሉት እነማን ናቸው? ሴቶች ልጆች። የግቢ ተማሪዎች፤ ከፌሎ፣ ማለትም ከግቢው የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት የመጡ፣ አንዳንዶቹ ከሰባኪው በላይ መጽሐፍ ቅዱስ ያነበቡ። ወንዶቹ ጥበቃና ሳውንድ፣ ሴቶቹ ወጥ ቤት። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነውም፤ ዝም ብሎ እንደዚያ ይሆናል። አራት ቀን ሙሉ አንድ ትምህርት ሳይሰሙ የሚመለሱ አሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሰሃን በተራ ይታጠባል፤ ዛሬ ክፍል ሁለት፣ ነገ ክፍል አምስት፣ መሪውን ጨምሮ። ዋናዋ አብሳይ ደግሞ ይከፈላታል። በነፃ የሚያገለግል ሰው ክቡር ነው፤ ግን ሳውንድ ተከራይተን ብር ስንከፍል ያልከበደን ለእሷ ሲሆን «ለጌታ ነው» ማለት ደስ አይልም።

ሌላው እንቅልፍ ነው። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የጸለየ ሰው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጆች ሊቀሰቅስ አይችልም፤ ቢቀሰቅስም ይቆጣል፣ ልጆቹ የሚያስታውሱት ቁጣውን ነው። የሌሊት ጸሎት ላይ የሚሆነው ክፍል አይያዝ። በተለይ በተለይ፣ እሑድ ሚኒባስ እየነዳ የሚመልሰን ወንድም ቅዳሜ ሌሊት ይተኛ። መንፈሳዊ አይደለም ብሎ የሚያማው ካለ እኔ ጋ ላኩት።

አማቱ ዮቶር ለሙሴ የነገረውን አስታውሱ፤ የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የአምሳ አለቃ፣ የአሥር አለቃ። ሕዝቡ በየቀኑ ደጁን የሚያንኳኳው የአሥሩ ጋ ነው። እኛ የሺህ አለቃውን በሦስት ወር ቀድመን እንይዛለን፤ የአሥሩን ሞጆ ላይ። ቢያንስ ቲሸርቱ ከመታዘዙ በፊት የክፍል መሪዎቹ ይታወቁ። ሁለት ቅዳሜ ይሠልጥኑ፤ ልጆቹን ከነወላጆቻቸው ከመንገዱ በፊት ያግኟቸው። ሥራቸው አንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፣ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ጭምር። አልችልም ያለውንም በምስጋና እንሸኘው፤ «ጌታን እምቢ አልክ?» እያልን አናስጨንቀው።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ተደወለልኝ። ክረምቱ መጥቷል፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። «ወንድም፣ ዘንድሮ ቅዳሜ ማታውን አንተ ታስተምርልናለህ።» እሺ፣ ግን ክፍል ስጡኝ አልኩ። ዝም አለ። «ክፍል ማለት... ማደሪያ? ለእንግዶች የተለየ ክፍል ይዘናል እኮ» አለኝ። አይ፣ ስምንት ልጅ ስጡኝ፣ አብሬያቸው ነው የማድረው አልኩ። ሳቀ፤ የቀለድኩ መሰለው። ከኮሚቴው ጋር ተነጋግሮ መልሶ ሊደውልልኝ ነው። ፖስተሩ ግን ትናንት ወጥቷል፣ ፎቶዬ ከላይ በስተቀኝ ነው።