«ለጥፈናል»

እናንተ ሰዎች፣ ስለ ታፔላው ጉዳይ የሰማችሁ አላችሁ? ሰምታችሁ ከሆነስ እንዴት ዝም ትሉኛላችሁ? አሁን ከዚያ ቢሮ መውጣቴ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ታውቁታላችሁ፣ ደረጃው የተሰበረው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ግማሹ ንዴት ነው፣ ግማሹ ብርድ። የደብረ ብርሃን ጠዋት መቼም ለሰው አያዝንም።

ትናንት ሁለት ልጆች ደብተር ይዘው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ሜትር ዘረጉ፣ ታፔላዬን ለኩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። «ከስታንዳርድ ውጪ ነው» አሉና አንድ ብጣሽ ወረቀት ሰጥተውኝ ሄዱ። በመመሪያው መሠረት በተሰጠው የጊዜ ገደብ ስላላስተካከልክ 3,000 ብር ትቀጣለህ ይላል። የትኛው መመሪያ? የትኛው የጊዜ ገደብ? ስምንት ዓመት የተሰቀለ ታፔላ ነው። «ፎቶ ኮፒ፣ የኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ላሚኔሽን» ይላል። እርግጥ «ኔ»ዋ ከረገፈች ቆየች፣ «ላሚሽን» ሆኗል። እሱን አምናለሁ። ግን ላሚሽን ፈልጎ መጥቶ ያጣኝ ሰው የለም።

ዛሬ ጠዋት 2፡30 ላይ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። መስኮቱ ጋ አንድ ጎረምሳ ተቀምጧል፣ ስልኩን ግድግዳው ላይ ሰክቶ፣ አንገቱን ወደ ስልኩ ሰብሮ። ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ቅጣት የምንድነው?»

«መመሪያ ወጥቷል።»

«መቼ?»

«ቆየ እኮ። ለጥፈናል።»

«የት?»

«ቦርድ ላይ።»

«የትኛው ቦርድ?»

እዚህ ጋ ከስልኩ ቀና አለ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ማንበብ ይችላሉ?»

ጋሼ! 38 ዓመቴ ነው። ልጁ ቢያንሰኝ ዐሥር ዓመት ነው። ደግሞ «ማንበብ ይችላሉ?» ይለኛል፣ የዚህን ከተማ ግማሽ ማመልከቻ የጻፍኩትን ሰውዬ! እሱ ራሱ ለሥራው ሲያመለክት የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ ያደረግኩለት እኔ እንደሆንኩ በማርያም እምላለሁ። ከኋላዬ ሰልፉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ። የሳቀችውን ደግሞ አውቃታለሁ። የልጇን ሲቪ በዱቤ ሠርቼላታለሁ፣ እስካሁን አልከፈለችኝም።

እሺ፣ ቦርዱን ልይ ብዬ ሄድኩ። ኮሪደሩ ጫፍ፣ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ፣ አምፖል የሌለበት ቦታ ነው። መስታወት የተገጠመለት ሳጥን ነው፣ ቁልፍ አለው። ውስጡ የ2014 የጨረታ ማስታወቂያ አለ። ጠፋ የተባለ ማኅተም የሚያፈላልግ ወረቀት አለ። የሞተች ዝንብ አለች። ከእነዚህ ሁሉ ጥግ ላይ የእኛዋ ወረቀት ተንጠልጥላለች። ከታች «ገጽ 1 ከ2» ይላል። ገጽ 2 የት አለ? ከገጽ 1 ጀርባ! በስቴፕለር ተያይዘው ነው የተለጠፉት። በተቆለፈ መስታወት ውስጥ። ማን ይገልጥልህ፣ ዝንቧ?

ገጽ 1 ምን ይላል መሰላችሁ? «ጉዳዩ፡- ማሳወቅን ይመለከታል»። ምን ማሳወቅን? «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ይቀጥላል። አልተሞከረም እኮ! ከዚያ በቁጥር ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል፣ ከበላይ በተጻፈልን ደብዳቤ መነሻነት እያለ ስድስት መስመር ይነዳል። በሰባተኛው መስመር «በመሆኑም ከዚህ በታች ከተመለከተው ልክ በላይ የሆነ ታፔላ የሚጠቀሙ ነጋዴዎች በሙሉ» ይልና ገጹ ያልቃል። በሙሉ ምን? ይመስገኑ? ይታሰሩ? ይሸለሙ? የአማርኛ ነገር ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው። ማሰሪያው ገጽ 2 ላይ ነው። ልኩም ገጽ 2 ላይ ነው። ቀኑም፣ ቅጣቱም።

እየተደፋሁ ሳነብ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆሙ። ከባሶና ወራና ገጠር የመጡ፣ ጋቢያቸው ላይ ገለባ የተጣበቀ። የልጃቸው ሱቅ ነው የተቀጣው፣ ልጁ ታሟል።

«ልጄ፣ ዓይኔ አያይልኝም። እስቲ አንብብልኝ።»

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሁሉንም። ከ«ጉዳዩ» እስከ «በሙሉ»። በጥሞና ሰሙኝ። ሲያልቅ ትንሽ ጠበቁና፣

«እና ምን አለ?»

«አላውቅም አባቴ።»

«አንተም ፊደል አልቆጠርክም?»

በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ማለት ነው።

ተመለስኩ ወደ መስኮቱ። ሰልፉ እንደ አዲስ። ግማሽ ሰዓት። «ገጽ 2ን አሳየኝ» አልኩት። «ቴሌግራም ላይም ለቀነዋል፣ እዚያ እዩ» አለኝ። ከፈትኩ። ቻናሉ 212 ሰው ነው ያለው፣ እኔ 213ኛ ሆንኩ። ወደ ላይ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ሄድኩ። የችግኝ ተከላ ፎቶ፣ የስብሰባ ፎቶ፣ የእንኳን አደረሳችሁ ፖስተር። በመጨረሻ አገኘሁት። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው በስልክ ነው ያነሱት። የአንሺው አውራ ጣት ግማሹን ሸፍኗል። ቀኑ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ክብ ማኅተም አርፎበታል፣ ሐምራዊ፣ ድምቅ ያለ። በዚህ አገር ከማኅተም በቀር ጥርት ብሎ የሚታይ ነገር የለም።

ደግሞ የሚያቃጥለኝ ምኑ ነው? መመሪያው እኮ ስለ ታፔላ ነው! የፊደሉ መጠን ይህን ያህል ይሁን፣ ከመንገድ ማዶ ይነበብ ነው ጭቅጭቁ። ከመንገድ ማዶ ይነበብ የሚለውን ሕግ እኔ አፍንጫዬን መስታወት ላይ ደቅኜ ላነበው አልቻልኩም።

አሁን ወደ ዋናው ውርደቴ ልምጣ።

ሕግ የተማረች የአክስቴ ልጅ አለችኝ፣ ታውቋታላችሁ። ሰልፍ ላይ ሆኜ ደወልኩላት። «አይዞህ፣ አዋጅ አለልህ» አለችኝ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012። በዚህ አዋጅ አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ሊያወጣ ሲል ረቂቁን ቀድሞ ለሕዝብ ያሳውቃል። ለአስተያየት ቢያንስ 15 የሥራ ቀን ይሰጣል። መመሪያው ከጸደቀ በኋላም ካልተመዘገበና ድረ ገጽ ላይ ካልተጫነ ተፈጻሚ አይሆንም። ስሰማው ቁመቴ ጨመረ። ተራዬ ሲደርስ ክርኔን መስኮቱ ላይ አሳረፍኩና ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ ያቺ የሳቀችውም ትስማ ብዬ።

«አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ» አለኝ።

አልጠበቅኩም።

«ታዲያ?»

«እሱ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው የሚመለከተው፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ጨምሮ። እኛ ክልል ነን። የሚቀጥለው!»

የሚቀጥለው አለ። የአክስቴን ልጅ መልሼ ስደውልላት «ውይ፣ እሱስ እውነቱን ነው» አትለኝም? እኔ ሰልፍ ውስጥ ክርኔን አሳርፌ! ልጁ ሕጉን ያውቃል እኮ። ማወቁ ነው የገደለኝ። ባያውቅ በንቀት አልፈው ነበር። አዋጅ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ሲመጣ ይደክመዋል ለካ፣ እኛ ጋ ሳይደርስ ጫጫ ላይ ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

የድሮ ሰው እኮ ብልህ ነበር። አዋጅ ሲኖር ነጋሪት ይጎሰማል። ለፋፊው ገበያ መሃል ቆሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላል። በግ ሻጩም፣ አረቄ አውጪዋም ይሰማሉ። በ1934 የሕግ ጋዜጣ ሲቋቋም ስሙን ነጋሪት ጋዜጣ ያሉት ዝም ብለው አይደለም። በ1987 ደግሞ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ መጣ። ክልላችንም ዝክረ ሕግ የሚባል የራሱ አለው። ስም ጥሩ ነው። ከበሮው ግን ወረቀት ሲሆን ድምፁ የት ገባ? ደግሞ የእኛ ታፔላ ነገር አዋጅ እንኳ አይደለም። የመመሪያ መመሪያ፣ የደብዳቤ ደብዳቤ ነው።

አሁንም ድምፅ የለም አልልም። ሞንታርቦ የጫነች መኪና አለች። ግን መኪናዋ ቆም ሳትል ነው የምታልፈው፣ በ60 ትበራለች። በሬን ከፍቼ እስክወጣ የምሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «...የማያደርግ ማንኛውም ሰው በሕግ ይጠየቃል!» ምን የማያደርግ? ሄደች። ባለፈው ወር እናቴ ይህችኑ ሰምታ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣችም። በኋላ ስናጣራ የውሻ ክትባት ነበር። ውሻ የለንም።

በአንጻሩ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ አለ። አንድ ጥሩምባና አንድ ዱላ ነው ያለው። ንጋት ላይ አንዴ ዞሮ ሲመለስ ማን እንደሞተ፣ የት እንደሚቀበር፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ገጽ 2 የለውም። በእርግጥ የሞተ ሰው ነው የሚያሳውቀው፣ ግን ቢያንስ ቀብሩ ካለፈ በኋላ አይነግርህም።

ይሄን ሥራ ስለምሠራ አንድ ነገር ገብቶኛል። የዚያ ቢሮ ቶነር ባለቀ ቁጥር እኔ ጋ ነው የሚመጡት። «ስንት ኮፒ?» እላለሁ። «ሦስት» ይላሉ። አንዱ ለቦርድ ነው፣ ሁለቱ ለፋይል። ሁሌም እንዲሁ ነው። አንድ ለሕዝብ፣ ሁለት ለፋይል። ወረቀቱ የሚጻፈው እኛ እንድናውቅ አይደለም፣ ነገ ሲጠየቁ «ለጥፈናል» እንዲሉ ነው። የታፔላዋን ግን እኔ ጋ አላመጧትም። አምጥተዋት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሳባዛ አነባት ነበር።

ረቂቅ ላይ ውይይትማ አታንሱብኝ። ሐምሌ ላይ ተጠርቼ ነበር፣ በሌላ ጉዳይ። «በረቂቁ ላይ አስተያየት ስጡ» ተባልን። ረቂቁ አልታደለም። «ሶፍት ኮፒው ይላክላችኋል» አሉ። ግማሹ ሰው የያዛት ስልክ የባትሪ ድንጋይ የምታክል ናት፣ ሶፍት ኮፒ በምኗ ትቀበል? አንዲት እናት ተነስተው ያልታየ ነገር ላይ ምን እንላለን አሉ። «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» ተባሉ። ከመድረክ ማጠቃለያ ተሰጠ፣ አጨበጨብን፣ አንዳንድ የፕላስቲክ ውሃ ይዘን ወጣን። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ምን አባቴ ላድርግ፣ ሁሉም ሲያጨበጭብ።

ለማንኛውም ከፈልኩ። 3,000 ብር። ደረሰኙ ጥርት ያለ ነው፣ ቀን አለው፣ ስም አለው፣ አውራ ጣት የለበትም። ታፔላ የሚሠራው ልጅ ጋ ሄድኩ፣ በሩ ላይ ዐሥራ አራት ሰው ተሰልፏል። ሁሉም ትናንት ነው የሰማው። ዋጋው በእጥፍ ጨምሯል። ልኩ ስንት ነው ሲለኝ ገጽ 2 ላይ ነው አልኩት። ሁሉም እንደዚያ ነው ያለኝ አለ።

እንደገና ወደ ቢሮው። ጎረምሳው ሲያየኝ ፈገግ አለ፣ ለምዶኛል መሰለኝ። «ልኩን ብቻ ንገረኝ» አልኩት። «እሱ ገጽ 2 ላይ አለ» አለኝ። «መስታወቱን ክፈትልኛ!» «ቁልፉ የለም።» «ማን ጋ ነው?» «ቦርዱን የምትይዘው ልጅ ጋ። ወሊድ ፈቃድ ላይ ናት።»

ወንድ ልጅ ነው አሉ። እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ቁልፉን ግን የት አስቀመጥሽው?