ስምንት ደቂቃ እንዲሞላ የተለጠጠ «ሰበር ዜና»

በዩቲዩብ የሚለቀቀው የአማርኛ «ሰበር ዜና» አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ደቂቃን ጥቂት አልፎ የሚያልቀው ወሬው ስለበዛ አይደለም። ከ8 ደቂቃ ያጠረ ቪዲዮ መሃሉ ላይ ማስታወቂያ አይገባበትም። እስከ ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ድረስ ወሰኑ 10 ደቂቃ ነበር። ቻናሉ ከማስታወቂያ ገቢ መካፈል የሚጀምረው ደግሞ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ሲያሟላ ነው። እናም በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ወሬ ይለጠጣል። መጀመሪያ «እስከ መጨረሻው ተከታተሉን፣ ላይክ ሼር አድርጉ» ይባላል፤ ቀጥሎ የትናንቱ ዜና ይደገማል፤ በርዕሱ የተጮኸለት ጉዳይ መጨረሻ ላይ «እየተባለ ነው» ተብሎ ይታለፋል። «ጄኔራሉ ታሰሩ?» ከሚለው ርዕስ ውስጥ ትልቁን ሥራ የምትሠራው የጥያቄ ምልክቷ ናት፤ ነገ ውሸት ሆኖ ሲገኝ «ጠየቅን እንጂ መቼ አልን?» ለማለት ታገለግላለች።

የሽፋን ምስሉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ በምስል መፈለጊያው በጉግል ሌንስ መፈለግ ቀላል ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ቀስቱንና ቀይ ጽሑፉን ጨምረው ስለሚፈልጉ ነው፤ ጽሑፍ ያላረፈበትን ክፍል ብቻ ቆርጦ መፈለግ ይሻላል። ቦታው እውነተኛ ሆኖ ጊዜው የተሳሳተ ሲሆን ነው ነገሩ የሚከብደው። ያኔ ሕንፃውን፣ መንገዱን፣ የሰዉን አለባበስ ማየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ «የዛሬ ሰልፍ» የተባለው ቪዲዮ የቀድሞውን መስቀል አደባባይ ካሳየ፣ አደባባዩ ታድሶ ከተመረቀበት ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በፊት የተቀረጸ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዋናው ጥፋት የዩቲዩበሩ አይመስለኝም። ገበያውን የሚከፍቱለት መድረክ ላይ የሚቆሙት ባለሥልጣናት ናቸው። ኅዳር 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የመከላከያ ሠራዊት የትግራይን ከተሞች ሲይዝ ሰላማዊ ሰው እንዳልገደለ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተናገሩ። የኤርትራ ወታደሮች ገብተዋል የሚለውንም ባለሥልጣናት ለወራት ሲያስተባብሉ ከረሙ። መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. እዚያው ምክር ቤት ውስጥ የኤርትራ ወታደሮች ድንበር መሻገራቸውንና በሲቪሎች ላይ በደል መፈጸሙን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው አመኑ። በእነዚያ ወራት በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት በአብዛኛው ተቋርጦ፣ ጋዜጠኞችም አብዛኛውን ጊዜ እንዳይገቡ ተከልክለው ስለነበር ሐቁን ማጣራት እጅግ ከባድ ነበር፤ የፈጠራ ታሪክ የሚሸጠው ግን ምንም አልጎደለበትም። «ሐሰት ነው» የተባለ ነገር አንድ ጊዜ እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ ቀጣዩን እውነተኛ ማስተባበያ የሚሰማ ጆሮ አይገኝም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የማስተባበያ አጻጻፍም የራሱ ዘዴ አለው። «በማኅበራዊ ሚዲያ የሚናፈሰው ከእውነት የራቀ ነው» ይላል፤ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ግን አይናገርም። ወይም ማንም ያልጠየቀውን ያስተባብላል፦ «ስንት ሰው ሞተ?» ሲባል «አካባቢው በቁጥጥር ሥር ነው» ብሎ ይመልሳል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። የመሥሪያ ቤት ገጾችስ ስንት ተከታይ አላቸው? አዋጁ ወደ ፖለቲካዊ ትችት ያዘነበለ ንግግርን ስለማይቀጣ፣ ብልጡ ዩቲዩበር ወሬውን «ትንታኔ» ብሎ ይሰይመዋል። (አንቀጹ የገባው ሐሳብ እንዳይታፈን ነው፤ ይጥፋ አልልም።)

የመረጃ ነፃነት አዋጁ ቁጥር 590/2000 ጠያቂ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ያዛል። ወሬ በሰዓታት አገር ለሚያዳርስበት ዘመን 30 ቀን እጅግ ረጅም ነው። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች አዲስ ሕግ ሳይጠብቁ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ግን አለ፦ ሐሰት ነው የሚሉትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጠቅሰው፣ ትክክለኛውን ቁጥር ከጎኑ አስቀምጠው፣ የተናጋሪውን ስምና ሰዓቱን ጽፈው በዚያው ቀን ማውጣት። ገና ያልተጣራ ነገር ካለም «እያጣራን ነው፣ ነገ በዚህ ሰዓት እንመለሳለን» ብለው በተባለው ሰዓት መመለስ።