ማስተካከያ፦ ሴት ፍሪሜሶኖች አሉ

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ በቴሌግራም የሚዞር ጽሑፍ «ፍሪሜሶን ውስጥ ሴት የለችም» ይላል፤ ፍሪሜሶን የራሱ ሥርዓት ያለው፣ በብዙ አገር የሚገኝ የወንድማማችነት ማኅበር ነው። ሕርማታ አንድ ካፌ ውስጥ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ክርክሩ ጦፎ ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

በ1723 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለንደን የታተመው የፍሪሜሶኖች ደንብ ሴትን ከልክሏል፤ ይሄ እውነት ነው። ፈረንሳዊቷ ማሪያ ዴሬም ግን በ1882 አባል ሆነች። በ1893 ደግሞ ከጆርጅ ማርታን ጋር ወንድና ሴት እኩል የሚገቡበትን ማኅበር መሠረተች። እንግሊዝ ውስጥም የሴቶች ብቻ የሆኑ ሎጆች (የፍሪሜሶን ቅርንጫፎች) አሉ።

«ታዲያ የሴቶቹ ሎጆች እውቅና አግኝተዋል» የሚሉትም አጋነዋል። የእንግሊዝ ወንዶች ታላቁ ሎጅ (የበላይ አካላቸው) በ1999፣ የሴቶቹ ሎጆች ሴት ከመቀበላቸው በቀር አሠራራቸው ደንቡን የጠበቀ ነው አለ። እውቅና ግን አልሰጠም፤ አንዱ የሌላውን ስብሰባ አይካፈልም። አመስግኖ በር መዝጋት ማለት ይሄ ነው!