ሬጅስትራር ለመሥራት የሚያስብ ተማሪ ምን ይማር?

የፍሬሽማን ዓመት ሊያልቅ ሲል በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ውስጥ ወሬው ሁሉ የዲፓርትመንት ምርጫ ይሆናል። ጥቂት ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቀርተው በተማሪ ቅበላና ምዝገባ፣ በተለምዶ ሬጅስትራር በምንለው ሥራ፣ መሠማራት ይፈልጋሉ። የትኛው ትምህርት እንደሚያደርሳቸው ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት «ትምህርት አስተዳደር ግባ» ወይም «ተግባቢ ከሆንክ ማርኬቲንግ ይበቃሃል» የሚል ምክር ነው። ሁለቱም ምክሮች ሥራው ምን እንደሆነ ሳይታይ የተሰጡ ናቸው። እኔ የማስቀድመው ስታትስቲክስን ወይም ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን ነው።

የማርኬቲንጉ ምክር ከውጭ የመጣ ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ ለቅበላ ሥራ ተብሎ የተለየ ዲግሪ አይጠየቅም። ጀማሪ ባለሙያ በፈለገው መስክ ተመርቆ ይቀጠራል፤ የከፍተኛ ትምህርት አስተዳደር ማስተርስ የሚፈለገው ኃላፊነት ሲመጣ ነው። የቅበላ ባለሙያው የቀን ውሎ ተማሪ መሳብና ማመልከቻ አንብቦ መምረጥ ስለሆነ ኮሙኒኬሽን፣ ማርኬቲንግ ወይም ሳይኮሎጂ ማጥናት ይጠቅመዋል። የእኛ አገር አሠራር ግን ሌላ ነው። በአብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ይመደባል፤ ከዚያ በታች ካመጡት የተወሰኑት ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሬሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ይገባሉ። ባሕር ዳር ላለው ሬጅስትራር የሚደርሰው ያለቀለት የስም ዝርዝር ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ መዝኖ የሚቀበለው በዋናነት የማስተርስ፣ የፒኤችዲና የኤክስቴንሽን አመልካቾችን ነው።

እስኪ የአንድ ማስተርስ አመልካች ፋይል እንክፈት። ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ወይም ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጥ የውጤት ቅጂ)፣ የጋት (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ውጤት፣ ስፖንሰር ካለው የስፖንሰር ደብዳቤ አለበት። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ አመልካቹ በእጁ ይዞት የሚመጣ አይደለም፤ ከተማረበት ተቋም ታሽጎ ይላካል። ጀማሪ ሠራተኛ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ማኅተሙ ላይ ነው። የለመደው ግን ካልኩሌተር ያነሳል። በአንድ ሴሚስተር እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት የሆኑ አምስት ኮርሶች አሉ እንበል፤ ውጤታቸውም ኤ፣ ኤ ማይነስ፣ ቢ ፕላስ፣ ቢ እና ሲ ፕላስ ነው። ነጥቦቹ 4፣ 3.75፣ 3.5፣ 3 እና 2.5 ናቸው። በክሬዲቱ ተባዝተው ሲደመሩ 50.25 ይመጣል፤ ለ15 ሲካፈል 3.35 ነው። ወረቀቱ ላይ 3.53 ተጽፎ ከተገኘ ወይ ጸሐፊው ቁጥር አዛብቷል ወይ ሰነዱ ተነካክቷል። የትኛው እንደሆነ መወሰን የባለሙያው ሥልጣን ስላልሆነ ጥያቄው በደብዳቤ ወደ ሰጪው ተቋም ይሄዳል። ይህን ሳያደርጉ የተቀበሉት ሰነድ ከዓመታት በኋላ፣ ተማሪው ሊመረቅ ሲል፣ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ የሚጎዳው ብዙ ሰው ነው።

ከሒሳቡ የሚብሰው የስም ጉዳይ ነው። «ዓለሙ» እና «አለሙ» ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ነው። ፀሐይና ጸሀይ፣ ኃይሉና ሀይሉም እንደዚሁ ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። የሚኒስቴሩን ዝርዝር ከግቢው መዝገብ ጋር በኤክሴል በስም ለማገናኘት የሞከረ ሰው ከፊሉን ተማሪ «የለም» ይባላል፣ ሌላው ደግሞ ሁለቴ ይመዘገብበታል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ማገናኛው ሁልጊዜ የፈተና መለያ ቁጥሩ ይሁን። በስም መፈለግ ግድ ከሆነ ዋናውን ስም ሳይነኩ በአጠገቡ ሌላ ዓምድ ከፍቶ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው መለወጥ፣ ቀጥሎም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ አድርጎ በዚያ መፈለግ ነው። የልደት ቀንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥቅምት 10 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጁ ኦክቶበር 20 ቀን 2005 ነው፤ ጥር 10 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደው ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 2006። ለሁሉም በጅምላ 8 የሚደምር ሠራተኛ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለዱትን ሁሉ በአንድ ዓመት ያሳንሳቸዋል። ልጁ ፓስፖርት ሲያወጣ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አይገጥምለትም።

ይህን ሥራ በየቀኑ የሚሠራ ሰው ምን ቢማር ይሻለዋል? ዳታቤዝ፣ የመረጃ ጥራትና ስሌት በዋናነት የሚሰጡት ስታትስቲክስና ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ናቸው። በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ያለ ተማሪ ኢኮኖሚክስን ቢይዝ ስታትስቲክስ ከነኢኮኖሜትሪክሱ ያገኛል። ትምህርት አስተዳደርን አልንቅም፤ ቦታው ግን ማስተርስ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ፋይል ያገላበጠ ሰው የአስተዳደሩን ትምህርት ከሚያውቀው ችግር ጋር እያያያዘ ይማረዋል።

የእኔ ምርጫም ጉድለት አለው። ቁጥር የሚወዱ ተመራቂዎች ብዙ ጊዜ ደብዳቤ መጻፍ ያቅታቸዋል። ከዘጌ በጀልባ ተሻግሮ የልጁን ጉዳይ ሊጠይቅ መስኮቱ ጋ ለቆመ አባት «ሲስተሙ አልተቀበለውም» ብሎ መመለስ መልስ አይደለም። የጎደለው ሰነድ የትኛው እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና እስከ መቼ እንደሚጠበቅ በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር መንገር ይቻላል። ስለዚህ ፍሬሽማን ላይ ሳይኮሎጂና ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽን እንደ ማለፊያ ኮርስ ብቻ ማየት አይገባም። ሒሳብንም እንደዚያው፤ የዲፓርትመንት ምደባው በውጤት ውድድር ስለሆነ ሒሳብ ላይ የወደቀ የሚፈልገውን ላያገኝ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በመውጫ ፈተና 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ስታትስቲክስ ፈጽሞ የማይገባው ልጅ በእኔ ምክር ብቻ እንዳይገባበት እለምናለሁ።

ነገሩ እየተለወጠም ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ ተማሪዎቹን በራሱ መግቢያ ፈተና መቀበል ጀምሯል፤ ሌሎች የምርምር ዩኒቨርሲቲዎችም በዚያው መንገድ እንዲሄዱ ታስቧል። ያ ባሕር ዳር ሲደርስ ፈተና የሚመዝን፣ የመቁረጫ ነጥብ የሚያሰላ፣ ቅሬታ የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል።

የምርጫ ቅጹን ከመሙላት በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። በመንግሥት ተቋማት የሥራ ማስታወቂያ ላይ ተፈላጊው የትምህርት ዝግጅት በስም ይዘረዘራል፤ ዲግሪህ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ችሎታህን የሚያይልህ የለም። በበኵር ጋዜጣ ላይና በፔዳና በፖሊ ግቢዎች ማስታወቂያ ሰሌዳዎች የወጡ አምስት ስድስት የሬጅስትራር ባለሙያ ማስታወቂያዎች ፈልግ፤ የተጠቀሱትን የትምህርት ዓይነቶች በወረቀት ገልብጥና የትኛው ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ቁጠር። የመረጥከው ከሌለበት ቅጹ ሳይገባ ለውጠው።