የሂሳብ መምህራኑን ወደ ሦስተኛ ክፍል መልሱልን

ሰሞኑን እዚሁ ድሬ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። አጀንዳው አንድ ነው፤ የሂሳብ ውጤት እንዴት ይሻሻል የሚል። የመጡት የትምህርት ኃላፊ ግን ሊያማክሩን አልመጡም፤ ውሳኔውን ይዘው ነው የመጡት። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ቅዳሜና እሁድ ቲቶሪያል ይማራሉ። በየወሩ ሞዴል ፈተና ይወስዳሉ። ወላጅ መዋጮ ያዋጣል። ለዚሁ ሥራ ሲባል ከታችኛው ክፍል ሁለት ጎበዝ መምህራን ተነስተው ወደ ሰባተኛና ስምንተኛ ተዛውረዋል። አንዷ ሦስተኛ ክፍልን ነበር የያዘችው።

ቀጥለው ኃላፊው የችግሩን ምንጭ አስረዱን። የዘመኑ ልጅ ቲክቶክና ጫት ላይ ተጥዶ ስለሚውል ለሂሳብ ፍላጎት የለውም አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔን ከውሳኔው ይልቅ ያበገነኝ ይሄ ጭብጨባ ነው፤ ያጨበጨብነው ወላጆች ነና፣ የተነሳችው መምህርት ደግሞ የልጆቻችን መምህርት ናት።

መጀመሪያ ይቺን የጫትና የቲክቶክ ነገር እንጨርሳት። ጫት የድሬ ችግር መሆኑን ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም፣ እዚሁ ነው የምኖረው። ስልክም ልጆቻችንን እየበላ ነው። ግን ልጁ ሂሳብ የጠፋበት መቼ ነው? ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ነው? አይደለም። የጠፋበት የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጫት መቃሚያው በርጫ ላይ አልነበረም። ስልክም አልነበረውም። ክፍል ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ፣ ለሦስት ተጣብቦ ተቀምጦ ነበር። እዚያው እኛ ባስቀመጥነው ቦታ ላይ ነው የጠፋብን። ከዚያ በኋላ ለአራት ለአምስት ዓመት ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ሁሉ የማይገባው ልጅ ስልኩ ውስጥ ቢሸሸግ ምን ይደንቃል? ፍላጎት የለውም ማለት ለባለሥልጣን የምትቀል መልስ ናት። ጥፋቱን ከቢሮ አንስታ የልጅ ጫንቃ ላይ ታሳርፋለች።

ደግሞ ያው ልጅ ከሰዓት ቀፊራ ገበያ ወርዶ እናቱን ሲያግዝ እዩት። ሦስት ኪሎ ከሩብ ቲማቲም ስንት እንደሚሆን በቃሉ ይነግራችኋል፣ መልስ ሲሰጥ አንዲት ብር አይሳሳትም። ይሄ ልጅ ጭንቅላት የለውም? ፍላጎት የለውም? አቦ ተዉ!

ማታ ማታ የሰፈር ልጆች የቤት ሥራ ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ። በቅርቡ አንዱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የእኩልታ ጥያቄ ይዞ መጣ። x ስንት ነው የሚል። ዘዴውን ያውቀዋል፣ ቁጥሩን ወደዚያ ማዶ አሻግሮ ምልክቱን መቀየር እንዳለበት ነግረውታል፣ ሸምድዶታል። የተደናቀፈው መጨረሻ ላይ ነው። ከ402 ላይ 178 መቀነስ ነበረበት። 376 ብሎ ጻፈ።

እንዴት እንደሠራው አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። ከ2 ላይ 8 አልቀነስ ሲለው ገልብጦ ከ8 ላይ 2 ቀነሰና 6 ጻፈ። ከ0 ላይ 7 አይቀነስም፣ 7ን ራሱን አወረደው። ከ4 ላይ 1 ሲነሳ 3። አለቀ። ትክክለኛው መልስ 224 ነው። ልጁ ግን በቸልታ አልሠራም፤ ተጠንቅቆ፣ ደምቆ በሚታይ ጽሕፈት፣ ከስሩ በማስመሪያ አስምሮ ነው የሠራው። ያልተነገረው ነገር አንድ ነው፤ ከመቶ ቤት ተበድሮ ወደ አሥር ቤት፣ ከአሥር ቤት ወደ አንድ ቤት ማምጣት። ይህ የታችኛው ክፍል ትምህርት ነው። ለዓመታት ሲቀንስ የኖረው እንደዚህ ነው፣ ማንም ቁጭ ብሎ እጁን አላየውም። ኤክስ ተደርጎበት ደብተሩ ይመለስለታል፣ በቃ።

ሌላዋ ደግሞ ግማሽና ሲሶ ደምሪ ስትባል ላይን ከላይ፣ ታችን ከታች ደምራ 2/5 ብላ ታመጣለች። 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ላይ ጨምራ ከግማሽ ያነሰ አገኘች ማለት ነው፤ ነገሩ ምንም አልከነከናትም፤ ምክንያቱም ክፍልፋይ ለእሷ የአንድ ነገር ቁራሽ ሆኖ አያውቅም፣ በመስመር የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። እንግዲህ ለእነዚህ ልጆች ነው ቅዳሜ ጠዋት ጠርተን የስምንተኛ ክፍል ምዕራፍ የምንደግምላቸው። ሳምንቱን ሙሉ ያልገባቸውን ነገር ቅዳሜም ሳይገባቸው ይውላል። እሁድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እኔ የምለው የሂሳብ ውጤት የሚወሰነው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ እኛ ደግሞ ባለን አቅም ሁሉ የምንሸሸው ይህንኑ ክፍል ነው። ይሄ የአንድ ትምህርት ቤት ጥፋት አይደለም። ሲሠራ ጀምሮ እንደዚህ ነው የተሠራው። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ለሚያስተምር ሰርተፍኬት በቃው፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ለሚያስተምር ዲፕሎማ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ዲግሪ ተባለ። በኋላ ለታችኛው ክፍልም ዲፕሎማ ተጠየቀ፣ ደረጃው ከፍ አለ፣ አስተሳሰቡ ግን አልተነቀለም። ትንሽ የተማረው ትንሹን ልጅ ያስተምር የሚል አስተሳሰብ። አንድ መምህር በክረምት ተምሮ ዲግሪውን ሲይዝ የመጀመሪያ ጥያቄው ወደ ላይኛው ክፍል አዛውሩኝ ነው። አልፈርድበትም። ደመወዙም ክብሩም ያለው እዚያ ነው። ሁለተኛ ክፍል ነው የማስተምረው ብሎ በኩራት የሚናገር ሰው አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ርእሰ መምህሩስ ጎበዝ ሲያገኝ የት ይመድበዋል? ፈተና ያለበት ክፍል። ደካማውን፣ ጡረታ የደረሰውን፣ ከሌላ ክፍል የተረፈውን የት ይመድበዋል? ታች።

ታች ደግሞ ሥራው ቀላል መስሏቸው ነው። ስምንተኛ ክፍል ማስተማር ከባድ፣ ሁለተኛ ክፍል ማስተማር ቀላል ነው ብሎ የሚያምን ሰው አንድ ቀን ብቻ ስልሳ ሰባ ሕፃን ፊት ቆሞ አሥር ማለት ምን እንደሆነ ያስረዳ። በመመሪያው መሠረት በአንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል ውስጥ 50 ተማሪ ነው መኖር ያለበት። የከተማችንን ክፍሎች የሚያውቅ ወላጅ 50 ቢሆንልን ይላል። ያች አንዲት መምህርት ቋንቋውንም፣ ሂሳቡንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም ብቻዋን ትይዛለች። ከሰዓት ፈረቃ ከሆነ በግንቦት ሙቀት ቆርቆሮው ሥር ናት። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ደግሞ ልጆች በነፃ ዝውውር ያልፋሉ፤ ተከታታይ ምዘና እየተደረገላቸው ነው የሚያልፉት ይባላል፣ ሰባ ልጅ ይዛ ምኑን ትመዝነዋለች? ነፃ ዝውውሩን አልቃወምም፣ ሕፃን ልጅ መጣል ምንም አያስተምረውም። ግን ያልገባው ልጅ ሳይገባው ሲያልፍ ከኋላው የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። እኛ ያን ሰው ነው አንስተን ስምንተኛ ክፍል የወሰድነው። ሳይገባው ያለፈ ልጅ ማባዛት ይጀምራል፣ መደመሩ ሳይጸና። ከዚያ ክፍልፋይ ይመጣበታል፣ ማባዛቱ ሳይጸና። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ብላችሁ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ጠይቁና እጁን ተመልከቱ፤ ጣቱን ጠረጴዛ ሥር ደብቆ ይቆጥራል።

የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ የድሬ ሰው አይረሳውም። በ1998 ክረምት ያ ሁሉ ሰው ያለቀው ዝናቡ እዚህ ስለዘነበ አይደለም፤ ከደንገጎ ተራራ በላይ፣ ደጋው ላይ ዘንቦ ነው ሌሊት ድንገት የወረደብን። ከዚያ ወዲህ ግንቡ ብቻ አይበቃም፣ ተራራው ላይ እርከን ይሠራ፣ ዛፍ ይተከል የተባለው ለዚህ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ቲቶሪያል መደርደር ከተማ ውስጥ ግንብ ብቻ መገንባት ነው። ውኃው የሚመጣው ከላይ ነው፣ የእኛ ልጆች ችግር ደግሞ የሚመጣው ከታችኛው ክፍል ነው።

ቁጥሩን ለሚፈልግ ቁጥሩ አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ። በ2016 5.4 በመቶ። በ2017 8.4 በመቶ። የመጨረሻው ጥሩ እድገት ነው ተብሎ ተነግሮልናል። ከመቶ ተፈታኝ ከ91 በላይ የሚሆነው ግማሽ ማምጣት አልቻለም፣ ይሄንን እድገት የሚል ሰው የራሱ ልጅ ከ91ዱ አንዱ ሲሆን ያውቀዋል። ኩረጃው ሲቀር እውነቱ ወጣ፤ ይሄን ያደረጉትን አመሰግናለሁ። ግን ፈተናን ማጥበቅ ማስተማር አይደለም። የዓለም ባንክ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መረጃ መሠረት ከአሥር ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ዘጠኙ በአሥር ዓመታቸው አጭር ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። አንብቦ ያልተረዳ ልጅ የቃላት ፕሮብሌም እንዴት ይሥራ? 12ኛ ክፍል የሚወድቀው ልጅ አሥር ዓመት ሲሞላው ነው የወደቀው።

ችግሩ ቋንቋው ነው የሚሉም አሉ። እዚህ ድሬ ልጆች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ተምረው ዘጠነኛ ሲገቡ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሆናል፣ ይሄ እንደሚያደናቅፍ አልክድም። ግን 402 ሲቀነስ 178 ውስጥ እንግሊዝኛው የቱ ጋ ነው? ያ ልጅ በየትኛውም ቋንቋ ቢጠየቅ 376 ነው የሚለው።

መፍትሔ የለህም፣ ትተቻለህ ብቻ እንዳልባል፣ መፍትሔው ሌላ አገር ተሞክሮ የታየ ነው። ህንድ ውስጥ ፕራታም የተባለ ድርጅት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በሚችሉት ልክ ይመድባል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ልጅ አጭር የቃል ጥያቄ ይጠይቁታል። ቁጥር መለየት የሚችል አንድ ቦታ፣ መቀነስ የሚችል ሌላ ቦታ፣ ማካፈል የሚችል ሌላ ቦታ። በቀን አንድ ሁለት ሰዓት በዚያ ምድብ ይማራሉ፣ ሲችሉ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ውጤቱ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፣ ዛምቢያና ቦትስዋናም ወስደው ሠርተውበታል። ኮምፒውተር አይጠይቅም፣ ታብሌት አይጠይቅም፣ የብድር ገንዘብ አይጠይቅም። ጠመኔ፣ ለመቁጠሪያ የሚሆን ጠጠርና እንጨት፣ እና ልጁን አጠገቡ ተቀምጦ የሚያይ መምህር ነው የሚጠይቀው። ድሬ ይሄ ያንሳታል?

ስለዚህ እንደ ወላጅ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የተነሱት ሁለት መምህራን ሁለተኛው ሴሚስተር ሳይጀመር ወደ ክፍላቸው ይመለሱ። የቅዳሜው ቲቶሪያል ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ላሉት ልጆች ይሁን፤ የስምንተኛ ክፍሎቹም የሞዴል ፈተናው ቀርቶላቸው ያመለጣቸውን መቀነስና ክፍልፋይ ይማሩበት፣ ለሚኒስትሪው ፈተናም ቢሆን የሚጠቅማቸው እሱ ነው። ሦስተኛ ክፍልን ለሚያስተምር ጎበዝ መምህር ስምንተኛን ከሚያስተምረው ያላነሰ አበል ይከፈለው። ኃላፊውም አንድ ቀን የሁለተኛ ክፍል የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ገብተው ከኋላ ወንበር ይቀመጡ፣ ከዚያ ስለ ልጆች ፍላጎት እንነጋገራለን።

መዋጮውን በተመለከተ፦ ለታችኛው ክፍል ከሆነ የተጠየቅኩትን እጥፍ አድርጌ እከፍላለሁ፣ ጎረቤቶቼንም አስከፍላለሁ። አሁን ባለው ዕቅድ ግን አንድ ብር አላዋጣም፣ በሚቀጥለው ስብሰባም ይሄንኑ ተነስቼ እናገራለሁ።