የሴንት አንድሩስ ጎልፍ ባለውለታ ማን ነው? ክለቡ ወይስ ከተማው?

ሴንት አንድሩስ በስኮትላንድ ምሥራቅ ጠረፍ ያለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ብዙዎች «የጎልፍ ቤት» ይሏታል። የከተማዋ ታዋቂ ክለብ፣ ዛሬ «ሮያል ኤንድ ኤንሸንት» የሚባለው፣ በ1754 ተመሠረተ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጎልፉን ለዛሬ ያበቃው ማን ነው በሚለው ላይ ሁለት ጸሐፊዎች እንዲህ ተከራከሩ።

ለክለቡ፦

ሰው ሁሉ ሜዳውን ያደንቃል። ሜዳ ግን ሳርና አሸዋ ነው። ጨዋታ የሚሆነው ሥርዓት ሲኖረው ነው። ሥርዓቱን ያመጣው ደግሞ ክለቡ ነው።

በ1754 22 መኳንንትና ባለርስቶች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ከብር የተሠራ የጎልፍ ዱላ ለሽልማት አቀረቡ። የሚጫወቱበትንም ሕግ በጽሑፍ አሰፈሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያደረጉት ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ያኔ አንድ ዙር 22 ጉድጓድ ነበር፤ ተጫዋቹ ኳሱን በዱላ እየመታ በየተራ የሚያስገባባቸው ማለት ነው። ወደዚያ ሲሄዱም ሲመለሱም የሚጫወቱት በዚያው መስመር ነው። በ1764 የመጀመሪያዎቹን አራት ጉድጓዶች ወደ ሁለት አጠፏቸው። በመሄጃው ሁለት፣ በመመለሻው ሁለት ቀነሰና ዙሩ 18 ሆነ። ዛሬ የትም አገር ሄደህ ሙሉ ዙር ስትል 18 ጉድጓድ ነው። መነሻው ይቺ ውሳኔ ናት። ንጉሥ ዊልያም አራተኛ በ1834 «ሮያል» የሚለውን ማዕረግ ለክለቡ የፈቀደው በከንቱ አይመስለኝም።

ለከተማው፦

ወንድሜ፣ ታሪኩን ከመሃል ጀመርከው። ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን በ1552 የፈረመው ሰነድ አለ። የከተማው ሕዝብ በባሕር ዳሩ ሜዳ ላይ ጎልፍ የመጫወት መብት እንዳለው ያጸናል። ክለብህ ሊመሠረት ገና 202 ዓመት ይቀረው ነበር! ያልከው ሕግም ቢሆን የሴንት አንድሩስ ፈጠራ አይደለም። በ1744 በሊዝ፣ በኤድንብራ አጠገብ፣ የወጡት 13 ሕጎች ናቸው። ማኅበሩ እነሱኑ ተቀበለ፣ በቃ።

ሜዳው ደግሞ የሁሉም ነበር። ከብት ይግጥበታል። ሴቶች ያጠቡትን ልብስ ፀሐይ እንዲያነጣው ሳሩ ላይ ያሰጡበታል። ጎልፍ በዚህ ሁሉ መሃል ነው ያደገው።

ለክለቡ፦

እህቴ፣ ያ ሰነድ በ1797 የት ነበር? የከተማው ምክር ቤት እዳ ሲያንቀው ሜዳውን በመያዣነት ሰጠ። ብዙም ሳይቆይ መሬቱ ጥንቸል ለሚያረቡ ነጋዴዎች ተከራየ። ጥንቸል ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። አሸዋማ መሬት ካገኘ ይቆፍራል። ኳስ የምትንከባለልበት ሳር ጉድጓድ በጉድጓድ ሆነ። የሕዝብ መብት ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ፍርድ ቤት የሄዱት ጎልፍ ተጫዋቾቹ ናቸው። ጭቅጭቁ ሃያ ዓመት ገደማ ቆየ። መፍትሔ የተገኘው በ1821 ጀምስ ቺፕ የሚባል፣ ራሱም ጎልፍ የሚወድ የአካባቢው ባለርስት መሬቱን ሲገዛው ነው።

ለከተማው፦

ይህን አልክድም። ምክር ቤቱ የሕዝብ አደራ በላ፣ ያሳፍራል። ግን የምክር ቤቱን ጥፋት ለከተማው ሰው አታሸክመው።

እስቲ ኳሱን እንይ። ያኔ ኳስ የሚሠራው ከቆዳና ከላባ ነው። ቆዳው ይረጥብና በክር ይሰፋል፣ ትንሽ ቀዳዳ ይተውለታል። የተቀቀለ ላባ፣ አንድ ረጅም ባርኔጣ ሙሉ፣ በዚያች ቀዳዳ ይጠቀጠቃል። ሠሪው የብረት መጠቅጠቂያውን በደረቱ ተደግፎ ይገፋል። ሲደርቅ ቆዳው ይኮማተራል፣ ላባው ያብጣል፣ ኳሱ ድንጋይ ይሆናል። ጎበዝ የተባለ ሠሪ እንኳ በቀን ጥቂት ብቻ ነው የሚያወጣው። ይህን የሚሠራው መኳንንቱ አልነበረም። የከተማው ሰው ነው። ዱላ የሚጠርበው፣ ቦርሳ የሚሸከመው ካዲም እንደዚያው።

ቶም ሞሪስን ተመልከት። በ1821 እዚያው ከተማ ተወለደ፣ የሸማኔ ልጅ ነው። የላባ ኳስ ሥራ የተማረው ከአለን ሮበርትሰን ነው። ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ ርካሽ ኳስ ሲመጣ፣ ቶም በአዲሱ ተጫወተ ብሎ ጌታው ተቀየመውና ተለያዩ። ቶም ከተማውን ለቆ ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። ከዚያ እስከ 1903 ድረስ ሜዳውን ተንከባከበ። ዛሬ የምታደንቀው ሜዳ የእሱ እጅ አለበት።

እኔን ግን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የከተማው ሴቶች በ1867 የራሳቸውን የጎልፍ ክለብ አቋቋሙ። ዱላ ከትከሻ በላይ ማንሳት ለሴት ነውር በሚባልበት ዘመን ማለት ነው። ያንተ ክለብ ሴት አባል ለመቀበል ድምፅ የሰጠው በ2014 ነው።

ለክለቡ፦

በዚህ ልከራከርሽ አልችልም። 260 ዓመት! ጥፋት ነው።

ቢሆንም ቶምን የቀጠረውና ደሞዝ የከፈለው ማን ነው? ክለቡ ነው። ሁለተኛው ሜዳ «ኒው ኮርስ» በ1895 ሲከፈት ወጪውን የሸፈነው ማን ነው? አሁንም ክለቡ። ጥበብ ያለ ገንዘብ ሜዳ አያቆምም።

ለከተማው፦

ገንዘቡን ከፈለ፣ ተመስገን። ግን የሜዳው ባለቤት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። በ1894 ፓርላማ ባወጣው ሕግ መሬቱ ለከተማው ተመለሰ። ከ1974 ጀምሮ ሜዳዎቹን የሚያስተዳድረው በሕግ የተቋቋመ የአደራ ድርጅት ነው። ክለቡ ከዋናው ሜዳ መነሻ አጠገብ የቆመ የድንጋይ ቤት አለው፣ እዚያ የሚገባው አባል ነው። ሜዳው ላይ ግን አባል ያልሆነውም ዕጣ ከወጣለት ይጫወታል።

እሑድ ደግሞ ዋናው ሜዳ፣ «ኦልድ ኮርስ» የሚባለው፣ እንደ ደንቡ ለጎልፍ ዝግ ነው። የዚያን ቀን ሰዉ ልጁን ይዞ፣ ውሻውን አስከትሎ፣ ያንን ዓለም የሚያውቀውን ሳር እየረገጠ ይንሸራሸራል። የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።