70 ኪሎ ሜትር ባሕርና የባላዱር ቪዛ

ሸንገን ቪዛ ያገኘ ሰው አውሮፓ የተከፈተለት ይመስለዋል። እውነቱን ነው፣ ፓሪስ ይገባል፣ ሮም ይሄዳል፣ ብራሰልስ ያለች እህቱን ያያል። ግን በዚያው ቪዛ ሪዩኒየን ወይም ማዮት ልሂድ ቢል፣ ሁለቱም ደሴቶች ልክ እንደ ማርሴይ የፈረንሳይ ግዛት ናቸው ቢባልም፣ ቲኬት የምታየው ልጅ ፓስፖርቱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ትመልስለታለች። ፈረንሳይ ከባሕር ማዶ ያሏት ደሴቶች ሸንገን ውስጥ የሉም። ለእነሱ በአብዛኛው ቪዛ ለብቻው ይጠየቃል፣ ስቲከሩም ላይ ለየትኛው ግዛት እንደተሰጠ ይጻፋል። ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ይህን ካወቀ ይበቃዋል። ቀደም ብሎ ያመልክት፣ አለቀ።

እኔ ማውራት የፈለግሁት ለሽርሽር ስለማይሄዱት ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት፣ አንዱን ለብቻ ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማዮት በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል ያለች ትንሽ ደሴት ናት። እህቶቿ ግራንድ ኮሞር፣ አንጁዋንና ሞሄሊ ይባላሉ፣ ሦስቱ ዛሬ ኮሞሮስ የምትባለው አገር ናቸው። አራቱም ሙስሊም ናቸው፣ ቋንቋቸው ይቀራረባል፣ ጋብቻቸው ከጥንት ጀምሮ የተጠላለፈ ነው። አንጁዋን ውስጥ፣ ማዮት አክስት ወይም ወንድም ያለው ሰው ሞልቷል። በሁለቱ ደሴቶች መካከል ያለው ባሕር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ከዚያ ይርቃል።

ፈረንሳይ ማዮትን በ1841 ከሱልጣኑ ገዝታ ያዘች፣ ሌሎቹን በኋላ ጨመረች። በዲሴምበር 1974 አራቱ ደሴቶች ስለ ነጻነት ድምፅ ሰጡ። በድምሩ 95 በመቶ ያህሉ ነጻነት አለ። ማዮት ላይ ግን ከመቶ 64 ያህሉ «አይሆንም፣ ከፈረንሳይ ጋር እንቆያለን» አለ። ኮሞሮስ በቀጣዩ ዓመት ነጻነቷን ስታውጅ ፓሪስ ድምፁን ደሴት በደሴት ቆጠረችና ማዮትን አስቀረች። ነገሩ ጸጥታው ምክር ቤት ሲደርስ ፈረንሳይ በቬቶ ጣለችው። ጠቅላላ ጉባኤው ቢያወግዝም የተለወጠ ነገር የለም። በ2011 ማዮት 101ኛዋ የፈረንሳይ ክፍለ ግዛት ሆነች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው ግን ይመላለስ ነበር። የዛሬውን ጣጣ ከ1975 ጋር ብቻ የሚያያይዙ ሰዎች ይህችን ነገር ያልፏታል። ባንዲራው ከተለያየ በኋላ እንኳ ለ20 ዓመት ያህል አንድ የአንጁዋን ሰው ጀልባ ይዞ ማዮት ይሄዳል፣ ፍራፍሬውን ሸጦ፣ ሠርግ በልቶ፣ ታሞ ከሆነም ታክሞ ይመለሳል። በሩ የተዘጋው በጃንዋሪ 1995፣ ኤዱዋር ባላዱር ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩ ጊዜ ነው። ኮሞሪያን ማዮት ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል ተባለ። እስከ ዛሬ «የባላዱር ቪዛ» ይሉታል።

ቪዛ ማለት ቁጥጥር ነው፣ አገር ሁሉ ያደርገዋል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ግን የሚጠየቀውን ወረቀት ተመልከቱት። የሚጋብዘው ሰው ከማዘጋጃ ቤት ያወጣው ማረጋገጫ፣ ካልሆነ ሆቴል። የጤና መድን። የመመለሻ ቲኬት። በቂ ገንዘብ እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ። ይህን ቅርንፉድ ለሚለቅም ወይም ዓሣ ለሚያጠምድ የአንጁዋን ሰው ጠይቁት እስቲ። ደሞዝ የለውም፣ ስለዚህ የደሞዝ ወረቀት የለውም። የባንክ ደብተርም ላይኖረው ይችላል። ማዮት ያለው ወንድሙ ራሱ ወረቀት የሌለው ከሆነ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ምን ብሎ ይጋብዘዋል? ሊገኝ የማይችል ቪዛ እገዳ ነው። ስሙን አሳምረው ጠሩት እንጂ።

ታዲያ ሰዉ ቀረ? አልቀረም። ክዋሳ ክዋሳ በምትባል ጠባብ የሞተር ጀልባ ማታ ማታ መሻገር ጀመረ። ፈረንሳይ ራዳር ተከለች፣ ፈጣን የፖሊስ ጀልባ አሰማራች። ደላላው ደግሞ ራዳሩን ለመሸሽ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ፣ ኮራሉ ላይ ወጣ፣ ከአቅም በላይ ጫነ። በ2012 የፈረንሳይ ሴኔት ሪፖርት ከ1995 ወዲህ የሞቱትን ከ7 ሺህ እስከ 10 ሺህ ገምቷል። ይህ ግምት የራሳቸው የፈረንሳዮቹ ነው። ከአንጁዋን በኩል የሚነገረው ቁጥር ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወደ የመን ሲሻገሩ የሰመጡብንን ልጆች የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ፕሬዚዳንት ማክሮን ግን በ2017፣ በተመረጡ በወሩ፣ ብሪታኒ ውስጥ ስለ ዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ሲጫወቱ «ክዋሳ ክዋሳ ጥቂት ነው የሚያጠምደው፣ የሚያመጣው ኮሞሪያን ነው» ብለው ቀለዱ። ካሜራ ቀረጻቸው። ቀልዱ የማን ልጅ እንደሰመጠ ለሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚሰማው መናገር አያሻም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። የተያዘ ሰው ወደ አንጁዋን የሚመለሰው በመርከብ ነው። ትክክለኛ መርከብ፣ ወንበር ያለው፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ያለው፣ በቀን ብርሃን የሚሄድ። ማዮት ከ20 ሺህ በላይ ሰው ያባረረችባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም። ከተባረሩት ውስጥ በዚያው ሳምንት ደላላ ፈልጎ የሚመለስ አለ። መውጫው በመርከብ፣ መግቢያው በክዋሳ ክዋሳ ማለት ነው። የመሻገሪያው መንገድ አለ፣ ጠፍቶ አይደለም።

ቪዛው መምጣትን ሳይሆን መመለስን ነው ያስቀረው። ለደላላ ብዙ መቶ ዩሮ ከፍሎ፣ ሞትን አይቶ የገባ ሰው ለምን ብሎ ይመለሳል? ድሮ ወልዳ ትመለስ የነበረች እናት አሁን ትቀመጣለች። ባሏ ይከተላል። ቆርቆሮ ይመታል፣ ኮረብታው ላይ ባንጋ የሚሉት ሰፈር ይሰፋል። በ2017 የፈረንሳይ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሲቆጥር ከማዮት ነዋሪ 48 በመቶው የውጭ ዜጋ ነበር፣ ከእነሱም እዚያው የተወለዱ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ቪዛው ሥራ ላይ ከዋለ 22 ዓመቱ ነበር ያኔ። ይህን ቁጥር የቪዛው ደጋፊዎች «አያችሁ፣ ገና ይጥበቅ» ለማለት ያመጡታል። እኔ የቪዛው ውጤት ነው የምለው።

የማዮት ሰዎችን ግን ክፉ አድርጌ መሣል አልፈልግም። ደሴታቸው ከፈረንሳይ ግዛቶች ሁሉ ድሃዋ ናት፣ 77 በመቶው ነዋሪ ከፈረንሳይ የድህነት መስመር በታች ነው። በ2023 ድርቅ መጥቶ ውኃ በፈረቃ ሆነ። የትምህርት ቤት ክፍል ስለማይበቃ ልጆች ጠዋትና ከሰዓት ተከፋፍለው ይማራሉ። ሆስፒታል ወረፋው አያልቅም። ይህን በየቀኑ የሚያይ ሰው ቢማረር አይፈረድበትም። በ2022 ምርጫ ሁለተኛ ዙር፣ ነዋሪዋ በአብላጫው ሙስሊም የሆነች ይህች ደሴት 59 በመቶ ድምጿን ስደተኛን ለምትቃወመው ቀኝ አክራሪ ማሪን ለፔን ሰጠች። ገርሞኛል፣ አልዋሽም። ግን ፓሪስ ለ50 ዓመት ሆስፒታልና ትምህርት ቤት በበቂ ሳትሠራ «ያጣበባችሁ ጎረቤታችሁ ነው» ስትላቸው ከኖረች ሌላ ምን ይጠበቃል?

ደግሞ ሁለተኛ አጥር አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ማዮት ላይ በሕጋዊ መንገድ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ የውጭ ዜጋ፣ ፈቃዱ በአብዛኛው የሚያገለግለው ማዮት ላይ ብቻ ነው። ሪዩኒየን ወይም ፓሪስ ልሂድ ቢል ሌላ ፈቃድ መለመን አለበት። ስለዚህ ደሴቷ ተጣበበች እያሉ መውጫውንም ዘግተውታል። ወረቀት ያለውም ከነወረቀቱ እዚያው ታጉሮ ይቀመጣል። ይህን ያወጣ ሰው ምን እንዳሰበ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በዲሴምበር 2024 ቺዶ የሚባለው አውሎ ነፋስ ባንጋዎቹን ጠራርጎ ሲወስድ፣ ወረቀት የሌላቸው ብዙዎች ወደ መጠለያ አልሄዱም ነበር። ማስጠንቀቂያውን ሰምተዋል። ለመያዝ የተጠራን መስሎን ነው ያሉ ነበሩ።

ኮሞሮስ ለእኛ ባዳ አይደለችም። በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1989 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ነዳጁን ጨርሶ የወደቀው ግራንድ ኮሞር ዳርቻ ላይ ነው። ከ175 ሰው 125ቱ አለቁ። የተረፉትን ለማውጣት የደሴቷ ሰዎችና እዚያ የነበሩ ቱሪስቶች ያገኙትን ጀልባ ይዘው ባሕር ገቡ። ቪዛ አለህ ወይ ያለ አልነበረም። የአፍሪካ ኅብረት ደግሞ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ማዮትን የኮሞሮስ አካል አድርጎ ነው የሚያያት። በ2023 የኮሞሮሱ ፕሬዚዳንት አዛሊ አሱማኒ የኅብረቱ ሊቀ መንበር ነበሩ። ፈረንሳይ «ዉአምቡሹ» የተባለውን ትልቁን የማባረርና የቤት ማፍረስ ዘመቻ የጀመረችውም በዚያው ዓመት ኤፕሪል ነው። የኮሞሮስ ዋና ከተማ ሞሮኒ ተባራሪ አልቀበልም ብላ ለጥቂት ጊዜ መርከቡን መለሰች፣ ከዚያ ጉዳዩ ቀዘቀዘ። በየመግለጫው ሉዓላዊነት ማለት ጥሩ ነው፣ ግን ሉዓላዊነቱ እስኪፈታ ሰው እየሰመጠ ነው።

የማን ናት የሚለው ክርክር በእኛ ዕድሜ ላያልቅ ይችላል፣ የማዮት ሕዝብም ደጋግሞ ድምፅ ሰጥቷል። ቪዛው ግን ያን ክርክር መጠበቅ የለበትም። ፈረንሳይ ለሌላ አገር ነጋዴና ተመራማሪ ለዓመታት የሚያገለግል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ታውቅበታለች። ማዮት ላይ ዘመድ ላለው የአንጁዋን ሰውም በዚያው ዓይነት፣ ለአጭር ቆይታ፣ በመርከብ ገብቶ በመርከብ የሚወጣበትን ትስጥ። የተመለሰ ይታደስለት፣ ያልተመለሰ ይሰረዝበት። ሰው ነገም መግባት እንደሚችል ካወቀ ዛሬ ለመቅረት አይቸኩልም። ሰው ይጎርፋል ብለው ለሚፈሩ፣ በበሽተኞችና ልጆቻቸውን ለማየት በሚሄዱ አረጋውያን ይጀመር። ከዓመት በኋላ ስንቱ እንደተመለሰ መቁጠር አያቅትም፣ ፖሊሱም የጣት አሻራ ማንሻውም ወደቡ ላይ አለ።